«ከገደቡ በታች ነው» ሲሉን፦ ሆርሞን አዛቢ ኬሚካሎችና የጅማ ቤቶች ውሃ

አትራዚን የሚባል ፀረ-አረም አለ። በብዛት የሚረጨው በቆሎ ማሳ ላይ ነው። «አንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ምን ያህል ቢገኝ አይጎዳም?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት 100 ማይክሮግራም ይላል። አሜሪካ 3 ትላለች። የአውሮፓ ኅብረት 0.1 ብሎ ቁጭ። ኬሚካሉ ያው ነው፣ ጠጪውም ያው ሰው ነው። በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል ግን የአንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት አለ።

ታዲያ የዋሸው የቱ ነው? አንዳቸውም አልዋሹም። እያንዳንዳቸው የመለሱት ሌላ ሌላ ጥያቄ ነው።

ጅማ ውስጥ ቡና ላይ የውሃ ወሬ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንዱ «ኬሚካል ካለበት በቃ መርዝ ነው» ይላል። ሌላው «ከገደቡ በታች ነው ተብሏል፣ ምን ታካብዳላችሁ» ይላል። ሁለቱም ከቁጥሩ በታች ጤና፣ ከቁጥሩ በላይ በሽታ ያለ ይመስላቸዋል። ገደብ ግን ስሌት ነው። ስሌቱ ውስጥ ሳይንስ አለ፣ ግምት አለ፣ ፖለቲካም አለ። አንዴ ሲሠራ ያየው ሰው የቱ እንደሚያስጨንቅ፣ የቱ እንደማያስጨንቅ መለየት አይከብደውም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይቺን የምታክል ነገር ምን ታደርጋለች?

ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንዲህ ሲባል ለማንም አይታየውም። ስለዚህ አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ያዙ። ውሃ ሲጠፋ ሰፈር የሚመጣውን ቦቴ ታውቁታላችሁ። 10 ሺህ ሊትር ይይዛል እንበል። ያችን አንዲት ክኒን በ50 ቦቴ ውሃ ውስጥ ብትበጠብጧት፣ በእያንዳንዱ ሊትር አንድ ማይክሮግራም ይደርሳል። ናኖግራም ደግሞ የማይክሮግራም አንድ ሺህኛ ነው። ለእሱ 50 ሺህ ቦቴ ያስፈልጋችኋል።

«ይቺ ታዲያ ሰው ትጎዳለች?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፣ ለአብዛኛው መርዝ ወሳኙ ነገር መጠን ነው። ሆርሞን ላይ ስንደርስ ግን «ትንሽ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ይቀየራል። ሆርሞን ሥራውን የሚሠራው በዚህችው መጠን ነውና። ኢስትራዲዮል የሚባለው የሴት ሆርሞን ደም ውስጥ ሲለካ በሊትር ጥቂት አስሮች ወይም መቶዎች ናኖግራም ቢሆን ነው። በዚያች መጠን የወር አበባን ያስኬዳል፣ አጥንትን ያጠነክራል፣ ማህፀንን ለእርግዝና ያዘጋጃል። ሰውነታችን የተሠራው እንዲህ ያለ ሹክሹክታ እንዲሰማ ሆኖ ነው።

ሆርሞን አዛቢ ኬሚካሎች የሚባሉት በዚህ መሀል የሚገቡት ናቸው። አንዳንዱ ሆርሞኑን መስሎ ይቀርባል። አንዳንዱ የሆርሞኑን መቀመጫ ይዞበት ይቆያል። ሌላው ሆርሞኑ እንዳይመረት ወይም ቶሎ እንዲወገድ ያደርጋል። አብዛኞቹ ከእውነተኛው ሆርሞን እጅግ የደከሙ ናቸው፤ ይህን አለመርሳት ነው።

በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ እንቅርት ይመስለኛል። እንቅርት በአብዛኛው የሚመጣው በአዮዲን እጥረት ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል፣ ሲያጣ ያብጣል። ፐርክሎሬት የሚባል ኬሚካል ደግሞ አዮዲን ወደ ዕጢው እንዳይገባ ይሻማል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለፐርክሎሬት የሰጠው ቁጥር በሊትር 70 ማይክሮግራም ነው። አዮዲን የጠገበ ሰውና አዮዲን የጎደለው ሰው ግን ይህችን 70 እኩል አይሸከሟትም። አዮዲን ያለው ጨው እየገዙ መብላት፣ ስለ ፐርክሎሬት ከመጨነቅ በፊት የሚመጣ ነገር ነው።

የትንሽ መጠንን ጉልበት በግልጽ ያሳየው ሙከራ የተደረገው ካናዳ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ ለምርምር በተከለለ አንድ ሐይቅ፣ ከ2001 እስከ 2003 ድረስ የወሊድ መከላከያ ክኒን ውስጥ ያለውን ሆርሞን ጨመሩበት። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ገደማ ነበር። ወንዶቹ ዓሦች የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ። በሐይቁ የነበረ የአንድ ትንሽ ዓሣ ዝርያ ሊጠፋ ትንሽ ቀረው። እርግጥ ዓሣ ውሃው ውስጥ ነው የሚኖረው፣ በስንጥቡ ቀኑን ሙሉ ያጥበዋል። እኛ የምንጠጣው ሁለት ሊትር ነው። ሙከራው «ሰውም እንዲህ ይሆናል» አይልም። «ናኖግራም ምንም አያደርግም» የሚለውን ግን ዘግቶታል።

አንድ ገደብ ከባዶ ሲሠራ

አሁን ወደ ስሌቱ። ዲዲቲን እንውሰድ። ጅማ ዞን ቆላ ቆላው ወባማ ስለሆነ፣ ግድግዳ ላይ ሲረጭ ያየ ሰው ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለዲዲቲ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ይህች 1 ከየት መጣች?

አይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት 1 ሚሊግራም ሲሰጣቸው ጉዳት አልታየም። ሰው አይጥ አይደለምና ቁጥሩ ለ10 ይካፈላል። ሰውም ከሰው ይለያያል፤ ነፍሰ ጡር አለች፣ በሽተኛ አለ፣ ሽማግሌ አለ። ስለዚህ እንደገና ለ10 ይካፈላል። 0.01 ሚሊግራም ቀረ። አንድ ሰው በየኪሎው ይህን ያህል ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስድ አይጎዳም ተብሎ ይታሰባል።

ቀጥሎ «ጠጪው ማነው?» ይባላል። ለዲዲቲ የተመረጠው ትልቅ ሰው አይደለም። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ነው፣ ምክንያቱም ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ከእኛ የበለጠ ይጠጣል። የሕፃኑ የቀን ጣሪያ 0.1 ሚሊግራም ሆነ። ይህ ሁሉ ግን ለውሃ አይሰጥም። ለውሃ የተፈቀደው ከዚህ ውስጥ 1 በመቶው ብቻ ነው፦ 0.001 ሚሊግራም። ሕፃኑ በቀን 1 ሊትር ይጠጣል ተብሎ ይታሰባል። አለቀ። በሊትር 1 ማይክሮግራም።

እኔን የሚገርመኝ ያቺ 1 በመቶ ናት። ለምን 1 ብቻ? ቀሪው 99 የት ሄደ? መሶብ ላይ ነው ያለው። ዲዲቲ ውሃን አይወድም፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ከጥቂት ማይክሮግራም በላይ አይሟሟም። የሚወደው ስብን ነው። ስለዚህ በወተት፣ በቅቤ፣ በሥጋ በኩል ነው የሚመጣብን። ድርጅቱ ገደቡን ያወረደው ሕፃኑ በሌላ መንገድ ብዙ እንደሚወስድ አስቀድሞ ስላሰበ ነው።

ይህ ለጅማ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከአሰንዳቦ፣ ከሰርቦና ከጅማ ከተማ የእናት ጡት ወተትና የላም ወተት ወስዶ መርምሮ ነበር። ዲዲቲ በሁለቱም ተገኝቷል። (እናቶች ሆይ፣ ማጥባት አታቁሙ። የጡት ወተት ጥቅም ከዚህ ጉዳት ይበልጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅት አቋምም ይኸው ነው።) እንግዲህ ዲዲቲን ፈርቶ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚያስመረምር ሰው፣ ከመቶው አንዱን ይዞ ዘጠና ዘጠኙን እየረሳ ነው ማለት ነው።

የስሌቱን አንድ ደረጃ ስትነኩ ቁጥሩ እንዴት እንደሚዘል ደግሞ ተመልከቱ። ፍታሌት የሚባሉት ፕላስቲክን የሚያለሰልሱ ኬሚካሎች ናቸው። ከመካከላቸው በጣም የታወቀው ዲኢኤችፒ ነው፤ የድርጅቱ ገደብ በሊትር 8 ማይክሮግራም። ስሌቱ፦ በኪሎ 25 ማይክሮግራም፣ 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ፣ 1 በመቶ ለውሃ፣ በቀን 2 ሊትር። 7.5 ይመጣል፣ ወደ 8 ተጠጋ። እዚህ ላይ አዋቂውን አስነሥታችሁ ያንን ባለ 10 ኪሎ ሕፃን በ1 ሊትር ብታስቀምጡ 2.5 ይሆናል። ሳይንሱ አልተለወጠም። የተለወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

ሦስቱ አትራዚኖች

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት 100 እንደ ዲዲቲው ያለ የጤና ስሌት ውጤት ነው። አሜሪካም መንገዷ ተመሳሳይ ነው፣ ግምቶቿ ግን የጠበቁ ናቸው። የአውሮፓው 0.1 ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። በ1980 የወጣው የአውሮፓ የውሃ መመሪያ «ፀረ-ተባይ (ፀረ-አረምንም ይጨምራል) የመጠጥ ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል? መገኘት የለበትም» ከሚል አቋም ተነሣ። ዜሮን በመሣሪያ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ለዜሮ የምትቀርብ ቁጥር ተመረጠች፣ ከጥቂቶቹ በቀር ለሁሉም ፀረ-ተባይ አንድ ዓይነት፦ 0.1። ጎጂውም ያልጎዳውም እኩል። 0.11 የተገኘበት ውሃ ሕግ ጥሷል፤ ሰው ይመርዛል ማለት ግን አይደለም።

ሌላም ዓይነት አለ። በ2024 አሜሪካ ፒፎኤና ፒፎስ ለሚባሉት ኬሚካሎች በሊትር 4 ናኖግራም የሚል ገደብ አወጣች። ፒፋስ ከሚባለው የማይበሰብስ ቤተሰብ የወጡ ናቸው፣ ዘይት የማይዘው መጥበሻና ውሃ የማያስገባ ልብስ ሲመረት ያገለግሉ የነበሩ። የጤና ግቡ ዜሮ ነው። 4 የተመረጠችው ላቦራቶሪዎች አስተማምነው መለካት የሚችሉት እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ነው። የመሣሪያ አቅም ገደብ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ማንም ሰው ቁጥር ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ገደብ?» ነው። ቀጥሎ «ከጤና ነው የተሠላው፣ ከፖሊሲ ነው፣ ወይስ ከመሣሪያ?»

ስሌቱ የማያያቸው ነገሮች

ይህን ስሌት የሚተቹ ሳይንቲስቶች አሉ፣ ትችታቸውም ቀላል አይደለም። አንደኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ስሌቱ ዕድሜ ልክን በአማካይ ነው የሚያስበው። ሆርሞን ግን ወቅት አለው። የጽንስ ብልት፣ አንጎልና ታይሮይድ የሚሠሩባቸው ሳምንታት አሉ። በዚያ ሳምንት የመጣ መዛባት በዓመቱ አማካይ ውስጥ ተሟሙቶ አይታይም፣ የሚያስከትለው ለውጥ ግን ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛው መቀላቀል ነው። ገደብ የሚወጣው ለእያንዳንዱ ኬሚካል ለብቻው ነው። እኛ ግን ለብቻው አንጠጣውም። በ2002 ለንደን ውስጥ የተሠራ ሙከራ ስምንት ደካማ ኢስትሮጅን መሰል ኬሚካሎችን ወሰደ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ምንም ምልክት በማያሳዩበት መጠን ነበሩ። ሲደባለቁ ግልጽ ውጤት አሳዩ። ድር ቢያብር የሚባለው ለክፉም ይሠራል። አውሮፓ ለዚህ መልስ ለመስጠት ሞክራለች፦ የፀረ-ተባይ ድምር ከ0.5 ማይክሮግራም፣ የ20 ፒፋሶች ድምር ከ0.1 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ደንግጋለች። ድምር የሚቆጥር ገደብ እያንዳንዱን ለየብቻ ከሚቆጥረው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሦስተኛው የመጠንና የጉዳት ዝምድና ነው። ስሌቱ «መጠን ሲጨምር ጉዳት ይጨምራል» ብሎ ይነሣል። አንዳንድ ሆርሞን አዛቢዎች ግን በትንሽ መጠን የሚያሳዩት ለውጥ በትልቅ መጠን ላይ አይታይም የሚሉ ጥናቶች አሉ። እዚህ ላይ ክርክሩ ገና አልበረደም፣ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ክርክሩ ምን ያህል እንደሚያራርቅ ግን የቢስፌኖል ኤ ታሪክ ይናገራል። ጠንካራና ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ የሚሠራበት ኬሚካል ነው፤ የቆርቆሮ ምግብ ውስጠኛ ሽፋንም ላይ አለ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 በቀን በኪሎ ክብደት 4 ማይክሮግራም ይቻላል አለ። በ2023 ሐሳቡን ለውጦ 0.2 ናኖግራም አደረገው። ወደ ታች 20 ሺህ እጥፍ! የጀርመን የሥጋት ምዘና ተቋም በዚያው ዓመት «አልስማማም» ብሎ 200 ናኖግራም አስቀመጠ። አንድ ኬሚካል፣ አንድ ዓመት፣ አንድ አህጉር፣ የሺህ እጥፍ ልዩነት።

ውሃው ላይ ደግሞ ከዚያ ቀደም የወጣው የአውሮፓ ገደብ በሊትር 2.5 ማይክሮግራም ነው። እስቲ ምቱት። 60 ኪሎ ሰው በአዲሱ ቁጥር በቀን የሚፈቀድለት 12 ናኖግራም ነው። ልክ ገደቡ ላይ ያለ ውሃ ሁለት ሊትር ቢጠጣ 5 ሺህ ናኖግራም ይወስዳል። በሕግ «ደኅና» የተባለ ውሃ በሳይንሱ አዲስ ቁጥር ሲመዘን 400 እጥፍ በላይ ሆነ። ይህን ያነበበ ሰው ቢደናገር አልፈርድበትም።

ጅማ ላይ ምን ይመስላል?

በ2016 የታተመ ጥናት ከጅማ ዞንና ከአዲስ አበባ በተወሰዱ የመጠጥ ውሃ ናሙናዎች ላይ የፀረ-ተባይና የፀረ-አረም ቅሪት አግኝቷል። ከተገኙት መካከል ቱ-ፎር-ዲ፣ ማላታዮንና ዳያዚኖን አሉበት። ገበሬው በስም የሚያውቃቸው ናቸው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይለይ፦ ፀረ-ተባይ ሁሉ ሆርሞን አዛቢ አይደለም። ማላታዮንና ዳያዚኖን በዋናነት የሚታወቁት ነርቭን በመንካት ነው። ለቱ-ፎር-ዲ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ 30 ማይክሮግራም ነው፣ የአውሮፓው ያው 0.1። አንዱን ናሙና በአንዱ መዝናችሁ «ንጹሕ»፣ በሌላው መዝናችሁ «የተበከለ» ልትሉት ትችላላችሁ።

የሚገኝበት ወቅትም ወሳኝ ነው። ፀረ-አረም የሚረጨው ክረምት ላይ ነው፣ ዝናቡም ያኔ ነው። ከማሳው ታጥቦ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ይወርዳል። ጥር ላይ የተቀዳ ናሙና ስለ ሐምሌ የሚለው ነገር የለም። በተቃራኒው ደግሞ ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ገደቡን ያለፈ ውሃ ሰው ይገድላል ማለት አይደለም፤ ገደቡ የተሠላው ለዕድሜ ልክ ነውና።

የከተማው የቧንቧ ውሃ ከወንዝ ተስቦ ቦዬ ላይ ይጣራል። እንዲህ ያለ ማጣሪያ በአሉም ጭቃውን ያረጋል፣ በክሎሪን ተዋሲያንን ይገድላል። ጭቃ ላይ የተጣበቀ ኬሚካል፣ ለምሳሌ ዲዲቲ፣ ከጭቃው ጋር ጥቂት ጥቂት ይወገዳል። የሟሟው ግን በአብዛኛው ያልፋል። ገጠሩ ላይ ደግሞ ምንጭ በጎለበተበት ቦታ እንኳ ከላይ ያለው ማሳ ላይ ምን ተረጨ የሚለው ይወስናል። የመርጫውን ታንክ ወንዝ ዳር ማጠብ አንድ ጠዋት ውስጥ የሚለቀው ነገር ከማይክሮግራም ወሬ ውጭ ነው።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጀሪካን ነው። መርካቶ ወርዳችሁ ያገለገለ ጀሪካን የሚሸጡበትን ተመልከቱ። ቢጫው የዘይት ነው፣ ዕቃው ይታወቃል። ከጎኑ ግን ነጩና ሰማያዊው ይደረደራል፣ ወረቀቱ ተልጦ ሙጫው ብቻ የቀረ። ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ «አሽትቺው፣ ምንም የለውም» ይላል። ገዢዋ ታሸታለች፣ የሳሙና ሽታ ነው፤ ታጥቧል። የፀረ-ተባይ ዕቃ ከሆነ ግን ፕላስቲኩ ራሱ ኬሚካሉን ጠጥቷል። በኦሞ ታጥቦ አይወጣም፣ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ይለቃል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ተበስቶ መወገድ ነው ያለበት። ምን እንደነበረበት ያላወቃችሁትን ጀሪካን በርካሽም አትግዙ። ማጣሪያ ጣቢያው የቱንም ያህል ቢለፋ ይህን አያድናችሁም።

ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። የሚሠራው ከፖሊኤትሊን ነው፤ ቢስፌኖልም ፍታሌትም ለመሠራት አያስፈልገውም። የሃይላንድ ጠርሙስም ፔት ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ ስለሆነ ቢስፌኖል ኤ የለበትም። ቢሮ ውስጥ የሚገለበጠውን ትልቁን የ20 ሊትር ጠርሙስ ግን ገልብጣችሁ ታቹን እዩት። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 7 ቁጥር ካለበት ከፖሊካርቦኔት የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ ያ ነው የቢስፌኖል ቤት። ፀሐይ ላይ አታቆዩት። ትኩስ ሽሮ በፌስታል ማስቋጠርም እንዲሁ ቢቀር ይሻላል፤ ሙቀትና ዘይት አንድ ላይ ከፕላስቲክ ውስጥ ያለውን ነገር በደንብ ይስባሉ።

ካፈላሁትስ?

ሁሉም የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱ ደስ አይልም። ማፍላት ተዋሲያንን ይገድላል። ዲዲቲን፣ ፒፋስን፣ ፍታሌትን ግን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን የቀረው እንዲያውም ትንሽ ይወፍራል። ውሃ አጋርም ሥራው ተዋሲያን ላይ ነው። የሸክላ ማጣሪያ ብቻውን ለሟሟ ኬሚካል እምብዛም ነው። የሚሠራው የገባሪ ከሰል ማጣሪያ ነው፣ ያውም ከሰሉ በጊዜው ከተቀየረ። ካልተቀየረ ይጠግብና የያዘውን መልሶ ሊለቅ ይችላል። የምድጃ ከሰል ፈጭቶ ማጣሪያ ውስጥ መጨመር እንደ ገባሪው ከሰል አይሆንም። የተገላቢጦሽ ኦስሞሲስ የሚባለው መሣሪያ አብዛኛውን ያወጣል፣ ዋጋውና የሚደፋው ውሃ ግን ለብዙ ቤት አይሆንም።

ታዲያ አናፍላ ማለት ነው? በፍጹም! በተዋሲያን የተበከለ ውሃ በሳምንት ውስጥ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ሆርሞን አዛቢው ዓመታት ይፈልጋል። ክሎሪን ራሱ ተረፈ ምርት ይተዋል የሚባለውም እውነት ነው፤ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ እንደሚለው ያ ሥጋት ሳይታከም ከሚጠጣ ውሃ ሥጋት ጋር አይወዳደርም። የኬሚካል ወሬ ሰምታችሁ ክሎሪኑን እንዳትተዉ።

ወረቀቱን ስትቀበሉ

የውሃ ምርመራ ውጤት እጃችሁ ከገባ፣ ለሰፈርም ይሁን ለትምህርት ቤት፣ መጀመሪያ ዝርዝሩን እዩ። የዘወትር ምርመራ ድፍርስነት፣ ክሎሪንና የሰገራ ተዋሲያን ነው። እነዚህ ደኅና ናቸው ማለት ስለ ፀረ-ተባይ ምንም ተባለ ማለት አይደለም። እነዚያን ለመለካት ጋዝ ክሮማቶግራፊ የመሰለ ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ለየብቻም ይታዘዛል።

ከዚያ «አልተገኘም» የሚለው ላይ ቁሙ። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። መሣሪያው ማየት ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ «ዲዲቲ፦ አልተገኘም» ተጽፎ፣ የመሣሪያው የማየት አቅም በሊትር 5 ማይክሮግራም ቢሆን፣ ገደቡ ደግሞ 1 ስለሆነ፣ ያ ውጤት ስለ ገደቡ ምንም አልነገራችሁም። ውሃው ውስጥ 4 ቢኖርም «አልተገኘም» ነው የሚባለው። ስለዚህ ያመጣላችሁን ሰው «መሣሪያው እስከ ስንት ድረስ ያያል?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥሩ ላቦራቶሪ ቁጥሩን ከውጤቱ አጠገብ በራሱ ዓምድ ይጽፈዋል። ናሙናው በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ቧንቧ እንደተቀዳም ይጽፋል።

ካልጻፈ መልሳችሁ ላኩት።